ተመልሳ የሸሸችው ዓይኔ

ግራ ዓይኔ ከልጅነቴ ጀምሮ ወደ ውጭ ትሸሽ ነበር። ሲደክመኝ ወይም ፀሐይ ሲበረታብኝ ቀኟ ፊት ለፊት እያየች እሷ ወደ ጆሮዬ በኩል ትሄዳለች። ደባርቅ ገበያ ጨርቅ ይሸጥ የነበረው አባቴ፣ ሰፈሩ ሁሉ "ሸውራራዋ" ሲለኝ አንድም ቀን ቃሉን ከአፉ አላወጣም። ስምንተኛ ክፍል ሳለሁ ጎንደር ወስዶ አሳከመኝ። አንድ የውጭ አገር ሐኪም የዓይኔን ጡንቻ አስተካክሎ ሰፋው። ፋሻው ተፈቶ መስታወት ሲሰጠኝ ሁለቱም ዓይኖቼ እኩል ያዩኝ ነበር።

"ከእንግዲህስ ምን እናድርግ?" አለ አባቴ።

"ድናለች፤ ጨርሰናል" አለ የሐኪሙ አስተርጓሚ። ሌላ ቃል አልነበረም፤ ቀጠሮም አልሰጡንም።

ዳባት አስተማሪ ሆኜ ከተመደብኩ በኋላ ዓይኔ ተመልሳ መሸሽ ጀመረች። የነቃሁት በተማሪዎቼ ነው፤ አንዱን ስጠይቅ ጎኑ ያለውም አብሮ ይነሳል። ከዚያ በመምህራን የውይይት ክበብ ላይ የወረዳው ካድሬ ንግግሩን አቋርጦ ጠቆመኝ።

"አንቺ! እኔ ስናገር መስኮቱ ላይ ምን አገኘሽ?"

"እርስዎን ነው የማየው። ዓይኔ በሽተኛ ናት።"

"ስብሰባ ሲሆን ነው የሚያማት?"

አዳራሹ ሳቀ። ለንቀቴ ተነስቼ ግለ ሂስ እንዳደርግ ታዘዝኩ። ለዓይን ጡንቻ ግለ ሂስ! "ያላጠፋሁትን አጠፋሁ አልልም" ብዬ ተቀመጥኩ። ብዙም ሳይቆይ ራቅ ወዳለችው መካነ ብርሃን ተዛወርኩ፤ ቅጣት መሆኑን ለመደበቅ እንኳን የሞከረ የለም።

ክረምት ትምህርት ሲዘጋ ጎንደር ሆስፒታል ወረድኩ። ካርድ ክፍል ያለው ሰውዬ "ሳትጠነቀቂላት ቀርተሽ ነው" አለኝ። የመረመሩኝ ሽማግሌ ሐኪም ግን ሌላ ነገር ነገሩኝ።

"እንዲህ ዓይነት ዓይን ከተሠራም በኋላ፣ ዓመታት ሲያልፉ ተመልሶ የሚሸሽበት ሰው ብዙ ነው። ያንቺ ጥፋት አይደለም፣ ልጄ። በየጊዜው መታየት ነበረብሽ።"

"ታዲያ ያኔ ለምን አልነገሩንም?"

ዓይኔን እንደገና ሠሩልኝ። እስካሁን ደህና ናት፤ ሲደክመኝ ብቻ ትንሽ ትሸሻለች።

ዓይኔ በሽተኛ እንደነበረች የሚመሰክረውን የሐኪሙን ወረቀት ይዤ ወደ ዳባት መልሱኝ ብዬ አመለከትኩ። ካድሬው ወረቀቱን አገላብጦ አየና ትክ ብሎ ተመለከተኝ።

"ይኸው ደህና አይደለሽም እንዴ? ምን ሆንኩ ትያለሽ?" አለኝ።

መካነ ብርሃን ቀረሁ።