ወገቡ የተሰመረ ሰባት

መጀመሪያ ያየሁት ወለሉን ነው። ቦታው ከመካኒሳ አቦ ዝቅ ብሎ የሚገኝ፣ በቀይ ሽብር ጊዜ ቀበሌው እስር ቤት ያደረገው የእህል መጋዘን ነበር። ሲሚንቶው መሃል ላይ ፍሳሽ መውረጃ ቀዳዳ አለ፤ ሠላሳ ሰው እዚያ ይሸናል። ከቀዳዳው ጠርዝ ስንጥቅ ተነስቷል። የሙያ ነገር ሆኖ ከሽታው በፊት እሱን አየሁ።

ያስያዘኝ ወረቀት ነው። ምህንድስና አስተምር ነበር። ቀዳዳ ያለው የኮንክሪት ወለል ጭነት ሲያርፍበት የቱ ጋ ስንት ይጎብጣል? ሥራዬ ይኼው ነው። ወለሉን በትናንሽ አራት ማዕዘን ትከፋፍለዋለህ፤ የእያንዳንዱን ነጥብ መጉበጥ ከጎረቤቶቹ ታሰላለህ፤ ቁጥሩ እስኪረጋ ደግመህ ደጋግመህ። ኮምፒውተር ከየት አባቱ ይመጣል! በእጅ ነው። ግማሹን ያሰላችልኝ አንዲት ተማሪዬ ነበረች።

መርማሪው ወረቀቱን ጠረጴዛ ላይ ዘረጋው።

«እነዚህ ነጥቦች እነማን ናቸው?»

«ሰው አይደሉም ጓድ። ወለል ነው።»

«እኔ ያንተ ጓድ አይደለሁም! እያንዳንዱ ከአራት ጋር ተገናኝቷል። ይኼ መሃሉ ላይ የጎደለውስ? ማንን አስወገዳችሁ?»

ሌላ ቦታ ቢሆን በሳቅ እሞት ነበር። ዘቅዝቀው ሰቀሉኝና ውስጥ እግሬን ገረፉት።

በሦስተኛው ቀን ግን ሰውዬው ነቃ።

«ይኼ ሰባት ወገቡ ላይ ተሰምሯል፤ ያኛው አልተሰመረም። የሁለት ሰው ጽሕፈት ነው። ሌላው ማን ነው?»

ክው አልኩ። ሰባትን የምታሰምረው ተማሪዬ ናት።

«ሁለቱም የእኔ ነው» አልኩ። «ከአንድ ጋር እንዳይምታታብኝ አሰምረዋለሁ። ስቸኩል እተወዋለሁ።»

«እንግዲያው ጻፍ!»

እጄ የታሰረበት ገመድ ጣቶቼን አሳብጧቸዋል። እንደ እሷ ወደ ቀኝ አዘንብዬ፣ ወገባቸውን እያሰመርኩ አንድ መስመር ሙሉ ሰባት ጻፍኩ። ከወረቀቱ ጋር አስተያየው።

«ጽሕፈት እየቀያየርክ ልታታልለን ኖሯል!» አለና እንደገና አሰቀለኝ። ሌላ ሰው ግን አልጠየቀም።

አጠገቤ የሚተኛው የጎፋ ሥጋ ሻጭ እግሬ ላይ ውሃ እያፈሰሰ፣ «ዛሬስ ለምን ነው?» አለኝ።

«ለሰባት።»

«ወይ ጉድ! ስምንት ብትላቸው ምን ነበረበት?»

ሳቅኩ። ጎኔን አመመኝ።

ከሁለት ዓመት በኋላ ስፈታ ቤቷ ሄድኩ። እናቷ በሩን ይዘው ቆሙ።

«አንተን በወሰዱ ማግስት መጡ ልጄ። በነጋታው አስከሬኗን ከመንገድ አነሳን። ማልቀስም ከለከሉን።»

እኔ ሰባት ስጽፍ እሷ ሞታ ነበር። መርማሪው ይወቅ አይወቅ እስከ ዛሬ አላውቅም። ሳስበው ደሜ ይፈላል፤ ሽማግሌ ሆኜም አልበረደልኝም። ግን ቢደገምም ያንኑ እጽፋለሁ።

ከዚያ ወዲህ ሰባትን ወገቡን ሳላሰምር ጽፌ አላውቅም። አሁን በእውነት ሁለቱም የእኔ ነው።