የደንዲው ጎጆ ክዳን

አባቴ ዕድሜውን ሙሉ መሬት ሲለካ የኖረ ቀያሽ ነው። ጡረታ ከወጣ በኋላ የቀረው ምኞት አንድ ብቻ ነበር፤ ከደንዲ ሐይቅ እስከ ወንጪ ሐይቅ ያለውን ሸንተረር እንደ ወጣትነቱ በእግሩ መሄድ። ደንዲ ዳር የወዳጁ ጎጆ አለ። በቅየሳው ዘመን የመለኪያ ዘንግ ይይዝለት የነበረ ሰው ነው፤ አባቴ ወዳጄ ብሎ የሚጠራው እሱን ብቻ ነው። ወንጪ ዳር ደግሞ የዚያው ሰው እህት ጎጆ አላት። ከጎጆ ጎጆ የሙሉ ቀን መንገድ ነው፤ በአንድ በኩል ውሃው፣ በሌላ በኩል ገደሉ፣ መሃል ላይ ንፋስ።

የካዛንቺስ ቤታችን ሊፈርስ ምልክት የተደረገበት ሳምንት ካርታውን ጠረጴዛ ላይ ዘረጋ። ሌላ ሰው ቢሆን ዕቃ ይሸክፋል። የኔ አባት እርሳስ ቀረጸ። እኔም መንገዱን ከስልኬ እያሳየሁት አብሬው ተቀመጥኩ።

"ይሄ ስልክሽ ገደል አያውቅም" ይለኛል። "እዚህ ጋ ጭጋግ ከወረደ እግርሽንም አታዪው። በቃ፣ እስኪገለጥ ቁጭ ነው።"

ሰባ አራት ዓመቱ ነው፤ ደረጃ ሲወርድ ጉልበቱ ይንቋቋል። እኔ ደግሞ ቢሮ ተቀምጬ የከረምኩ፣ ላንቻ ለመድረስ ታክሲ የምጠብቅ ሰው ነኝ። ማን ማንን እንደሚሸከም እግዜር ይወቀው።

ጆሮው ስለደከመ ወደ ወዳጁ ስልክ የምደውልለት እኔ ነኝ። ሁለት ጊዜ ደውዬ የወዳጁ ትልቅ ልጅ አነሳና "እርሻ ወጥቷል" አለኝ። በሦስተኛው፣ ሐምሌ ውስጥ፣ ድምፁን ዝቅ አደረገ። "እህቴ፣ አባቴ አርፏል። ጋሼ በስልክ እንዳይሰሙ። ሰው ሰብስበሽ በማለዳ ንገሪያቸው።"

አባቴ ከፊቴ ካርታው ላይ እንደተደፋ "ምን አለ?" አለኝ።

"ሰላም ብሎሃል።"

"ጎጆውስ?"

"ክዳኑን በአዲስ ሣር ሊያድሰው ነው።"

ይህን ከየት እንዳመጣሁት አላውቅም። አባቴ ፈገግ አለ፤ ቤቱ ላይ ምልክት ከተደረገ ወዲህ ሲስቅ ያየሁት ያን ቀን ነው።

መርዶ እንደዚህ አይነገርም። ጎረቤት ጎህ ሳይቀድ ተሰብስቦ፣ ነጠላውን አዘቅዝቆ ይገባል፤ ሐዘንተኛ ብቻውን አይሰማም። እኛ ግን በሳምንቱ ቤታችን ፈረሰ። ጎረቤቶቻችን ግማሾቹ በከተማው በዚህ ጫፍ፣ ግማሾቹ በዚያ ጫፍ ተበተኑ፤ እኛ ቂርቆስ ቤተክርስቲያን ጀርባ ሁለት ክፍል ተከራየን። በአዲሱ ግቢ ከእግዜር ሰላምታ በቀር የሚያውቀን የለም። ከማን ጋር ሆኜ ላርዳው? ሰው እስካሰባስብ አልኩ። እውነቱን ለመናገር ሰበብ ነበር፤ ፈርቼ ነው። ቤቱን ካጣ ወዲህ እህል የሚቀምሰው ለዳገቱ ጉልበት ይሆነኛል እያለ ብቻ ነበር።

ጭራሽ ጫማ ገዛሁለት። ያልተላመደ ጫማ ተረከዝ ይልጣል ብሎ ክረምቱን ሙሉ በየማለዳው አድርጎት ከቂርቆስ እስከ ባምቢስ ይወጣል፣ ይመለሳል። ቦርሳው ውስጥ ከፈረሰው ቤታችን መሠረት ያነሳቸውን ሁለት ድንጋዮች ይከታል፤ ሸክም ለመልመድ። አንድ ቀን ተከተልኩት። ቤታችን የነበረበት ጭቃ ላይ ቆመና አጥሩ የት፣ በሩ የት እንደነበር በዓይኑ ለካ። ከዚያ ቦርሳውን አስተካክሎ ዳገቱን ቀጠለ።

ከምሳ በኋላ ካርታው ይዘረጋል። ውሃ የት እንደምንቀዳ፣ ዝናብ ከያዘን ከየትኛው ጉብታ ላይ ወደኋላ እንደምንመለስ፣ ዕቃችንን የሚጭነው ፈረስ በየት ዞሮ እንደሚጠብቀን። በየሳምንቱ "እስቲ ደውይለት" ይለኛል። ጓዳ ገብቼ የተዘጋ ስልክ ጆሮዬ ላይ ይዤ ቆይቼ እወጣለሁ። ሣሩ ታጨደ እለዋለሁ፤ በሳምንቱ እንጨቱ ተቆረጠ፤ ደግሞ ግማሹ ተከደነ። የሞተ ሰው ጎጆ በኔ አፍ ሲታደስ ከረመ። ራሴን ተጸየፍኩት፤ ግን አላቆምኩም።

መነሻችንን ከመስቀል ቀጥሎ ያለው ቅዳሜ አደረገው፤ መሬቱ ይጠነክራል ብሎ። እኔ የድሮ ጎረቤቶቻችንን እየዞርኩ ለመንኩ፤ ሦስቱ ብቻ እንመጣለን አሉ፣ እነሱም የተመቻቸው ያው ቅዳሜ ነው። ቀድሜ ብቻዬን ልነግረው እችል ነበር። ነውር ነው፣ ወጉ አይደለም አልኩ። ሁለት ወር ሙሉ ስዋሸው የከረምኩት ሰው ለወግ ተጨነቅኩ።

ሊነጋጋ ሲል በሩ ተንኳኳ። አባቴ ጫማውን አስሮ፣ ቦርሳውን አዝሎ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጧል። ሲገቡ ብድግ አለ፣ ፊቱም በራ። "ልትሸኙን ነው? ምነው በዚህ ብርድ ተቸገራችሁ!" አለ። ከዚያ ነጠላቸውን አየ። ቦርሳውን እንዳዘለ ተመልሶ ተቀመጠ።

"የማን ነው?"

ካዛንቺስ ግድግዳ ይጋሩን የነበሩ ሴትዮ ወደ ጆሮው ጠጋ አሉ። ቀስ ብለው ቢነግሩት አልሰማም፤ ጮክ ብለው መድገም ነበረባቸው። "ወዳጅዎ! የደንዲው!"

"መቼ?"

ሴትዮዋ እኔን አዩኝ።

"ሐምሌ" አልኩ፤ እኔም እየጮህኩ።

ሴቶቹ ለቅሶ ሲጀምሩ እጁን አንስቶ ዝም አሰኛቸው። የጫማውን ክር ሊፈታ ጎንበስ አለ፤ ጣቶቹ እምቢ አሉት። እኔ ልፈታለት ስጠጋ እግሩን ሰበሰበ። ምነው በሰደበኝ ብዬ ተመኘሁ። ጠረጴዛው ላይ የተዘረጋውን ካርታ ሲያይ ቆይቶ ወደ እኔ ዞረ፤ ሊቆጣኝ ሳይሆን በእርግጥ ማወቅ ፈልጎ።

"ጎጆውን ታዲያ ማን ከደነው?" አለኝ።