የሰባተኛው ፎቶ ሰውዬ

በዩኒቨርሲቲው ዋና በር ገብቶ ወደ ግራ የታጠፈ ሰው ብስክሌት ከሚቆምበት ቦታ ፊት ለፊት የጥናት ኅትመት ክፍሉን ያገኘዋል። ሁለት ጠረጴዛ፣ አንድ ማተሚያ ማሽን፣ ጣሪያ ሊነካ ምንም ያልቀረው የወረቀት ክምርና አንዲት ሴት አሉበት። ሴትዮዋ እዚያ ክፍል ውስጥ ሃያ ሁለት ዓመት ሠርታለች። መምህራኑ «አራት ነጥብ» ይሏታል። መጀመሪያ ላይ ከጀርባዋ ነበር፤ ሰምታ ስትስቅ ጊዜ ግን ደፍረው ፊት ለፊት ይጠሯት ጀመር። ስሙ የወጣላት አንድ አንቱ የተባሉ ፕሮፌሰር መቶ ሃያ ገጽ ጽፈው የመጨረሻዋን አራት ነጥብ ቢረሷት፣ ደረጃ ላይ ሮጣ ደርሳባቸው «ጋሼ፣ ሐሳብዎ እኮ አላለቀም» ብላ የመለሰቻቸው ቀን ነው።

ሥራዋ በየዓመቱ የሚወጣውን የጥናት መድበል ማረምና ለኅትመት ማዘጋጀት ነው። ሁለተኛ ደረጃ ጨርሳ የጽሕፈት ኮርስ ከወሰደች በኋላ ትምህርቱ እዚያው ላይ ቀረ፤ ልጆች ተከታተሉ፣ ባሏ ታሞ ተነሣ፣ ጊዜው ሳይታወቃት ሄደ። ንባብ ግን አልተዋትም። ስለ ንብ በሽታ፣ ስለ ድልድይ ስንጥቅ፣ ስለ ጥርስ ሥር፣ በእጇ ያላለፈ የለም። የሚያስቸግራት ሒሳብ ብቻ ነበር። «እሱን እንደ ጥልፍ ነው የማየው» ትላለች፤ «ምን እንደሆነ ባላውቅም የተዛነፈችው ክር ትታየኛለች።»

በዚያ ዓመት፣ ይህ ሁሉ በሆነበት ዓመት ማለት ነው፣ ሦስት ጥናቶች በአንድ ሳምንት ጠረጴዛዋ ላይ አረፉ። አንደኛው ሁሉም «ጋሼ» የሚሏቸው የሒሳብ መምህር የጻፉት ነው። ጋሼ ጡረታ ሊወጡ ጥቂት የቀራቸው፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው መነጽር የሚፈልጉ ሰው ናቸው፤ የሚመራመሩት ቅርጾች ሲለጠጡና ሲጨማደዱ ስለማይጠፋ ቀዳዳ ነው። ሁለተኛው «የአቧራዋ ዶክተር» የሚሏት መምህርት ሥራ ነው፤ ጭስና አቧራ የከተማውን ሰው እኩል ይደርሰው እንደሆነ፣ ካልደረሰውም ሸክሙን ማን እንደተሸከመ የሚጠይቅ የአካባቢ ፍትህ ጥናት። ሦስተኛው ደግሞ ከውጭ ተምሮ በቅርቡ የተመለሰ ወጣት ዶክተር ያመጣው ነው። ሰው ከሰው ፊት ላይ ስሜትን እንዴት እንደሚያነብ ለማወቅ ለአራት መቶ ነዋሪዎች አሥራ ሁለት ፎቶ አሳይቶ «ይህ ሰው ምን ተሰምቶታል?» ብሎ ጠይቋል።

አራት ነጥብ ፎቶዎቹን አንድ በአንድ ስታስተካክል ሰባተኛው ላይ ደረሰች። ቅንድቡን የሰበሰበ፣ ዓይኑን ያጠበበ፣ ከንፈሩን የገጠመ ጎልማሳ ነው። «ምስኪን፣ ዓይኑን ቆጥቁጦታል» ብላ አለፈችው። ሁለት ገጽ ቆይታ የመልሱን ሰንጠረዥ ስታይ ወደ ፎቶው ተመለሰች። የሰባተኛው ፎቶ ትክክለኛ መልስ «ቁጣ» ነው ይላል። ሃምሳ ስምንት ሰዎች ግን «ምንም አልሆነም»፣ «ጭስ ገብቶበት ነው» ብለው መልሰዋል። ከታች በደቃቅ ፊደል «መመሪያውን ስላልተረዱ ከስሌቱ ወጥተዋል» ተብሎ ተጽፏል። መኖሪያቸውን ፈልጋ አየች። ከሃምሳ ስምንቱ ሃምሳው የታችኛው ሰፈር ሰዎች ናቸው።

እሷም የታችኛው ሰፈር ሰው ናት። ከጡብ ፋብሪካው ጀርባ፣ ነፋሱ ሁሉን ይዞ የሚመጣበት ሰፈር።

እቤቷ ስትደርስ ባሏ ግቢ ውስጥ ቆሞ ጨርቅ ያራግፋል። ልብስ ሰፊ ነው፤ ነጭ ጨርቅ ከያዘ መስኮት አያስከፍትም። ፊቱን አየችው፤ ቁርጥ ሰባተኛው ፎቶ።

«ተቆጥተሃል እንዴ?» አለችው።

«በማን? ጭሱ ነዋ! ሠላሳ ዓመት አብረሽኝ ኖረሽ ፊቴን ዛሬ ነው ያየሽው?»

ሳቀች፤ ግን ሳቁ ሳያልቅ አንድ ነገር ትዝ አላት። ትልቋ ልጃቸው ላይኛው ሰፈር ካለ ሱቅ ለሥራ ተጠርታ ሄዳ «ፊትሽ ለደንበኛ አይሆንም፣ አኩራፊ ነሽ» ተብላ የተመለሰች ጊዜ። ልጅቷ ሦስት ቀን መስታወት ፊት ቆማ ነበር። ያን ጊዜ እናትየዋ ራሷ «አንቺም ፈታ በይ እንጂ» ብላ ተቆጥታታለች። 

በማግስቱ ከአቧራዋ ዶክተር ጥናት ውስጥ ካርታውን አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው። ብዙ አቧራ ያለበት ቀይ፣ መለስተኛው ቢጫ ነው። ታችኛው ሰፈር ነጭ ሆኖ ተቀምጧል፤ ላየው ሰው የከተማው ንጹሕ አየር እዚያ ያለ ይመስላል። የአቧራ መለኪያዎቹ የተተከሉት ትምህርት ቤቶችና ጤና ጣቢያዎች ጣሪያ ላይ ነው፤ ታችኛው ሰፈር ደግሞ ሁለቱም የሉትም።

ወጣቱ ዶክተር እርማቱን ሊወስድ ሲመጣ እንዲህ አለችው፦ «ልጄ፣ እነዚህ ሰዎች መመሪያውን ሳይረዱ ቀርተው አይመስለኝም። የሚያውቁትን ነው የመለሱልህ።»

«እትዬ፣ ፎቶው በብዙ አገር የተፈተነ ነው።»

«ይፈተን። እኔም ብትጠይቀኝ ጭስ ነው የምልህ።»

ሰዓቱን አየ። «እርስዎ ፊደሉን ይዩልኝ፤ ስሌቱን ለእኔ ይተዉት» አለና ወጣ።

ቃሉ ከነከናት።  ለካስ ጋሼ ቀዳዳዎቻቸው በትክክል መታተማቸውን ሊያዩ መጥተው ከወረቀቱ ክምር ጀርባ ተቀምጠዋል።

«አምጪው እስቲ» አሉ።

«ምኑን ጋሼ?»

«ሁለቱንም። የእሱንም፣ የእሷንም።»

አንድ ቀጭን ወረቀት ወስደው ሃምሳ ስምንቱ ሰዎች የሚኖሩበትን በነጥብ አስቀመጡ። ከዚያ ወረቀቱን ካርታው ላይ ደርበው መስኮቱ መስታወት ላይ ለጠፉት። የጠዋት ፀሐይ አሳልፎ አሳየ፤ ከስምንቱ በቀር ነጥቦቹ ሁሉ ነጩ ቦታ ውስጥ ገብተው እንደ ንብ ሰፍረዋል።

«እኔ ዕድሜዬን የፈጀሁት በቀዳዳ ነው» አሉ ጋሼ። «ሰው ባዶ ሲያይ ምንም የለም ብሎ ያልፋል። እኔ ዙሪያውን ነው የማየው። ዙሪያው ሁሉ ቀይ ሆኖ መሀሉ ነጭ ከሆነ፣ እዚያ ያለውን ሰው የጠየቀው የለም ማለት ነው። ይህን ያየሽው አንቺ ነሽ፤ እኔ ያመጣሁት ማጣበቂያ ብቻ ነው።»

ሁለቱንም ዶክተሮች እዚያው አስጠሩ። የአቧራዋ ዶክተር መስኮቱ ፊት ቆመችና «ወይ ጉዴ! መድረስ የነበረብኝ መጀመሪያ እዚህ ነበር» አለች። ወጣቱ ወደ አራት ነጥብ ዞሮ አንገቱን ሰበር አደረገ። «እትዬ፣ ቅድም አፌ ቀደመኝ። ይቅር ይበሉኝ።»

«አፍህ መቅደሙስ ቀድሞሃል» አለችው፤ «አሁን ደግሞ እግርህ ይቅደም። ና ሰፈሬን ላሳይህ።»

መድበሉ ያለ ሁለቱ ጥናቶች ወጣ። ቀጥሎ ያሉትን ስምንት ወራት ቅዳሜ ቅዳሜ ታችኛው ሰፈር ዋሉ። አራት ነጥብ እየመራች ቤት ለቤት አንኳኩ፤ መለኪያዎችም በየጣሪያው ወጡ። አንዱ የእነሱው ቤት ላይ ተተከለ፤ ባሏ በየቀኑ ቀና ብሎ እያየው «ዶሮ ብናስቀምጥበት እንኳ እንቁላል በጣለችልን» ይል ነበር። ወጣቱ ዶክተር በበኩሉ የሰፈሩን ሰዎች በፈቃዳቸው ፎቶ አነሣ፤ በዚያች ሰዓት ምን እንደተሰማቸው ጠይቆም ጻፈ። ፎቶዎቹን ለላይኛው ሰፈር ነዋሪዎች ሲያሳይ አብዛኞቹ «ቁጡ» አሉ። አንዲት እናት ነበሩ፤ «የልጅ ልጅ ተወለደልዎት» ተብለው ወደ ሐኪም ቤት ሲገሰግሱ የተነሡት። ላይኛው ሰፈር ከጠየቃቸው አምስት ሰዎች አራቱ «ይቺ ሴትዮ ልትሳደብ ነው» ብለው ነበር።

የአቧራው መጠን በላይኛው ሰፈር ካለው ሦስት እጥፍ ሆኖ ተገኘ። ውጤቱ ማዘጋጃ ቤት አዳራሽ ሲቀርብ እኚያ እናት ፊት ወንበር ላይ ተቀምጠው የገዛ ፎቷቸውን በግድግዳ ሙሉ አዩት። «ኧረ ተዉኝ! ያን ቀን እኮ ከደስታ ብዛት የቤቴን በር ሳልዘጋ ነው የወጣሁት!» ሲሉ አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። የፋብሪካው ሥራ አስኪያጅ ሳይቀር ሳቀ፤ ከዚያ ግን ቁጥሮቹን ማንበብ ያዘ። ማዘጋጃ ቤቱ ቀን ቆርጦ ሰጠው። በዓመቱ ጭስ ማውጫው ከፍ አለ፣ ማጣሪያ ተገጠመለት። ጭሱ ጨርሶ ጠፋ ማለት አይቻልም። ግን እስከ እኩለ ቀን ዓይን ገልጦ መሄድ ተቻለ፤ ይህም ለታችኛው ሰፈር ሰው ቀላል ነገር አልነበረም።

የጋራ ጥናቱ ሲታተም ከሦስቱ ተመራማሪዎች ቀጥሎ የእሷ ስም ከነአባቷ ተጻፈ። «እኔን ምን ዶለኝ? እኔ ፊደል አራሚ ነኝ» ብላ ልትሰርዘው ነበር።

«እትዬ፣ እርስዎ ባይኖሩ ሃምሳ ስምንት ሰው ጥዬ ሄጄ ነበር» አላት ወጣቱ። ጋሼም «የሰረዝሽው እንደሆነ የእኔንም አብረሽ ሰርዢው» ሲሉ እጇን ሰበሰበች። አንድ ቅጂ ይዛ ሄዳ ለትልቋ ልጇ ሰጠቻት። ልጅቷ ዛሬ የራሷ ሥራና ቤት አላት። ሰንጠረዡን አንብባ ስትጨርስ «እማ፣ እኔ አኩራፊ አልነበርኩም ማለት ነው» አለች። እናትየዋ «አልነበርሽም። እኔ ነኝ ያላየሁሽ» ብላ እቅፍ አደረገቻት።

አሁን ጡረታ ሊወጡ የነበሩት ጋሼ ወጥተዋል፤ ግን ማክሰኞ ማክሰኞ በምሳ ሰዓት ብቅ እያሉ ሒሳብ ያስተምሯታል። ገና ስለ ክርና ስለ ቋጠሮ የሚለው የሒሳብ ምዕራፍ ላይ ናቸው፤ እሷ ቋጠሮውን ከባሏ ክር እየሠራች ታመጣለች፣ እሳቸው መፍታት እያቃታቸው ይስቃሉ።

ባለፈው ሳምንት ወጣቱ ዶክተር አዲስ መጠይቅ ይዞ መጣ። ጥናቱ ገና አልተጀመረም፤ ለኅትመት የሚሆን አንድ መስመር የለውም።

«ምኑን ልረም ታዲያ?» አለችው።

«ማንን እንደረሳሁ ያዩልኛል ብዬ ነው» አለና ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

መነጽሯን አደረገች፣ እርሳሷን ቀረጸች፣ ከመጀመሪያው ጥያቄ ጀመረች።