ቀላል ሰው አይደለሁም

በጃንሆይ ጊዜ ንፋስ መውጫ ፍርድ ቤት መጥረጊያ ይዤ የገባሁ ዕለት ችሎት አስከባሪው፣ «ሥራሽ አቧራ ነው፤ ነገር አይደለም» አለኝ። እውነቱን ነው፤ አቧራውስ ይጠረግ ነበር።

ጠዋት ውኃ አርከፈክፋለሁ፣ እጠርጋለሁ፣ የዳኛውን ወንበር እወለውላለሁ። ከዚያ በር ሥር ቁጭ ብዬ በሰው ልጅ ሲፈረድ እሰማለሁ። የኔው ልጅ እስኪመጣ ድረስ ችሎት ደስ የሚል ቦታ ነበር።

ልጄ ሞላ በእርሻ ወሰን ተጣልቶ የጎረቤታችንን የአቶ ደሴን ክንድ በሽመል ሰበረ። ዐቃቤ ሕጉ «ከባድ የአካል ጉዳት» ብሎ ከሰሰው። ልጄ ከባድ መባሉን ሳይወደው አልቀረም፤ ደረቱን ነፋ።

ጥፋተኛ ከተባለ በኋላ ዳኛው፣ «የቅጣት ማቅለያ አለህ?» አሉት። እኛ ዘንድ ሰው ቀለለ ማለት ተዋረደ ማለት ነው። ሞላም ጋቢውን መልሶ፣ «እኔ የከባድ ሰው ልጅ ነኝ! ቀላል ሰው አይደለሁም!» አለ።

«ኧረ ልጄ!» ብዬ ጮህኩ።

«ዝም በይ፣ ሴትዮ!» አለኝ ችሎት አስከባሪው።

ዳኛው የልጄን ክብር አልነኩም። እኔ በወለወልኩት ወንበር ተመቻችተው፣ ለከባድ ሰው የሚመጥን ሰባት ዓመት ሰጡት።

ቅጣቱ በዛ ብዬ ለጎንደር ይግባኝ አስጻፍኩ። ጎረቤቱ ሁሉ፣ «እዚያም ሄዶ ከፎከረ ያው ሰባት ዓመቱን ታቅፎ ይመለሳል» እያለ አጽናናኝ። በሶ ይዤ እስር ቤት ሄድኩ።

«የኔ ጌታ፣ ቀላል ነኝ በል።»

«አባቴ ቢሰማስ፣ እማ?»

«አባትህ ሞቷል። የምሰማው እኔ ነኝ።»

ጎንደር ላይ አንድ ሽማግሌ ዳኛ፣ «ቅጣቱ ለምን ይቀነስልህ?» ብለው ጠየቁት። ሞላ ዞሮ አየኝ። ነጠላዬን ነከስኩ።

«ጌታዬ፣ እናቴ ቀላል ነኝ በል ብላኛለች።»

ችሎቱ በሳቅ ፈረሰ። ዳኛውም ሳቃቸውን ዋጥ አድርገው፣ «አንተስ ምን ትላለህ?» አሉት።

አንገቱን ደፋ። «የሚያርስበትን እጅ ሰብሬበት፣ እኔ ምን ክብደት ቀረኝ?»

ሰባቱ ዓመት አራት ሆነ።

ወደ መጥረጊያዬ ተመለስኩ። ከዚያ ወዲያ ተከሳሽ ሲገባ በር ላይ፣ «ማቅለያ ሲሉህ ስድብ አይደለም» እለው ነበር። ችሎት አስከባሪው፣ «ምን አልሽው?» ሲለኝ፣ «አቧራ ነው» እላለሁ።

ችሎት የምትቆሙ ሰዎች፣ ያልገባችሁን ቃል ሳትመልሱ ጠይቁ። ከመለሳችሁ በኋላ ያለው ይግባኝ ነው። ጎንደር ደግሞ ሩቅ ነው።