ትንሿ ጣት

በተኩስ ውድድሩ ሜዳ ሰው ሁሉ ዒላማውን ሲያይ፣ የደህንነት ተቆጣጣሪው ሽማግሌ ግን የተኳሹን እጅ ነው የሚያዩት። ደሞዝ የላቸውም፤ በፈቃዳቸው ነው የሚሠሩት። ፀሐይ የበላውን ቀይ ኮፍያቸውን ደፍተው ከሁሉም ቀድመው ይደርሳሉ። "ተኩስ አቁም!" ካሉ የሚተነፍስ የለም። መሣሪያው ባዶ መሆኑን በዓይናቸው አይተው አይረኩም፤ ትንሿን ጣታቸውን ጥይት በሚጎርስበት ቀዳዳ ከትተው ይዳብሳሉ።

ዛሬ የአምናው አሸናፊ ትዕግሥቱ አለቀ።

"ጋሼ፣ ባዶ ነው አልኩዎት እኮ! ሰው አያምኑም እንዴ?"

ሽማግሌው ብረቱ እየፋጃቸው ጣታቸውን አላወጡም።

"ዋሸህ አላልኩም ልጄ" አሉት ቀስ ብለው። "እኔም ወንድሜን 'ባዶ ነው፣ አትፍራ' ስለው ከልቤ ነበር።"