አባቴ የመሰከረለት ግራዋ

ግራዋ ሲባል ዛሬም ደሜ ይፈላል። ቅጠሉ ምን በደለ? ምንም። ከከተማው ዳር ቡሹሎ በሚባለው ሰፈር፣ በአባቴ ግቢ ዙሪያ አጥር ሆኖ የቆመ፣ ቅርንጫፉን ሰብረው ቢሰኩት የሚጸድቅ መራራ ቅጠል ነው። የሚያንገበግበኝ በእሱ ስም የተሠራው ሥራ ነው።

ለሁለተኛ ዲግሪ መመረቂያዬ ያጠናሁት ይህንኑ ቅጠል ነበር። ለስኳር በሽታ ይጠጣል ሲባል ከልጅነቴ ጀምሮ ሰምቻለሁ፤ ደግሞስ ከአባቴ አጥር የቀረበ የት ይገኛል? አባቴ ራሱ ስኳር አለበት። ጡረታ የወጣ መምህርና የሰፈሩ ቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ነው። ኪኒኑን ጧትና ማታ ሳያጓድል የሚውጥ ሰው ነበር። ያን ጊዜ።

ሥራው ያሰለቻል። ቅጠሉን ጥላ ላይ ታደርቂዋለሽ፣ ትፈጪዋለሽ፣ አልኮል ውስጥ ትዘፈዝፊዋለሽ፣ ታጠያለሽ። ከዚያ አልኮሉን አትንነሽ ስታስወጪው እንደ ሬንጅ የሚጣበቅ ጥቁር አረንጓዴ ነገር ይቀርሻል። እሱን ደግሞ በተለያየ ፈሳሽ እያሟሟሽ ትከፋፍዪውና፣ እያንዳንዱን ክፍል ስታርችን ወደ ስኳር በሚቀይረው ኢንዛይም ላይ ትሞክሪያለሽ። መሣሪያው ሞቆ ልለካ ስትዪ መብራት እልም ይላል። ኬሚካል ሲያልቅ ከአዲስ አበባ እስኪመጣ እጅሽን አጣጥፈሽ መቀመጥ ነው። ስንቱን ቀን በንዴት ላብራቶሪውን ትቼ ወጥቻለሁ!

በመጨረሻ በበጋ ከለቀምኩት ቅጠል አንዱ ክፍል የኢንዛይሙን ሥራ አዘገየው፤ ስኳሩ ቶሎ አልተፈጠረም። እልል ማለት ነበር የቀረኝ። ከዚያው አጥር በክረምት የለቀምኩት ግን ይህ ነው የሚባል ነገር አላሳየም። ሁለቱንም ጻፍኩ። አንድ ነገር ይታወቅልኝ፦ ይህ ሁሉ የሆነው ጣቴን በሚያህል የመስታወት ቱቦ ውስጥ ነው። ቱቦ ሆድ የለውም፣ ጉበት የለውም፣ ኩላሊት የለውም።

ጥናቴን ባቀረብኩ ቀን አባቴ ሙሉ ልብሱን ለብሶ የፊት ወንበር ላይ ተቀመጠ። ስጨርስ፣ ይህ ገና ጅምር መሆኑን፣ በሰው ላይ አለመሞከሩን፣ ማንም እንደ መድኃኒት ሊወስደው እንደማይገባ ተናገርኩ። ተጨበጨበ። የተናገርኩት በእንግሊዝኛ ቢሆንም አባቴን አልቸገረውም፤ እያንዳንዱን ቃል ሰምቷል። ግን ትሕትና መሰለው! እኛ ቤት ጎበዝ ልጅ ጎበዝ ነኝ አይልም፤ ሲያመሰግኑት “ኧረ ምንም አላደረግኩም” ብሎ አንገቱን ይደፋል። አባቴም ልጁ በሰው ፊት አንገቷን የደፋች መሰለውና ኮራ።

ብዙም ሳይቆይ አንድ ሰኞ ጧት፣ መሃል ከተማ ከተከራየሁት ቤት ልወጣ ስል ስልኬ ጮኸ። በቤተ ክርስቲያናችን ያሉ አንዲት እናት ናቸው። “ልጄ፣ ጌታ ይባርክሽ! ቅጠሉ በባዶ ሆድ ነው ወይስ ከምግብ በኋላ?”

“የምን ቅጠል?”

“አባትሽ ትናንት የመሰከሩለት ነዋ!”

በባጃጅ እየበረርኩ ቡሹሎ ደረስኩ። አባቴ በረንዳው ላይ ግራዋ በጨርቅ ጨምቆ፣ አረንጓዴውን ውሃ በብርጭቆ ይዞ ተቀምጧል።

“አባዬ፣ ኪኒኑን አቁመሃል?”

“ምን ያደርግልኛል? ጌታ መድኃኒቱን በአጥሬ አብቅሎ፣ ልጄን አስተምሮ ገለጠልኝ።”

“ገና አልታወቀም ብዬ የለም? ፊትህ ቆሜ!”

ሳቀ። “ሰማሁሽ። አነጋገርሽ ደስ አለኝ።”

“የክረምቱ ቅጠል እኮ ጭራሽ አልሠራም!”

“በክረምት ማን ይሠራል? ልጄ፣ ነገር ሳይቃጠል በቅጠል ነው” ብሎ ጭልጥ አደረገው። ፊቱ ተጨማደደ። በመራራነቱም ተደሰተ።

ከፋርማሲ የስኳር መለኪያ ገዝቼ ጣቱን ወጋሁት። ቁጥሩ እጅግ ከፍ ብሎ ነበር፤ አሳየሁት። እሱ ግን “ባትሪው ደክሟል” አለ። በሌላ ቀን ለካሁት፤ “ትናንት ሰርግ ነበረ” አለ። እኔ እጮኻለሁ፣ እሱ ጆሮ ዳባ ልበስ! ካልሲ አላወልቅ ማለቱን ያየሁት ከዚያ በኋላ ነው። በግድ አወለቅኩት። ጫማ ልጦት ኖሮ የግራ እግሩ ትንሹ ጣት ቆስሏል፤ ዳር ዳሩም ጠቁሯል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም እያለ ያሳደገኝ እሱ ራሱ ነው እኮ!

ጤና ጣቢያ ወሰድኩት። ነርሷ ቁስሉን አጥባ፣ ኪኒኑን ዛሬውኑ እንዲጀምር፣ ወደ ሆስፒታልም እንዲሄድ አጥብቃ ነገረችው። እሺ አላት። ቤት ስንደርስ ግን ኪኒኑን ከነውሃው ይዤ ብቆም እጁን አልዘረጋም።

“መስክሬያለሁ” አለኝ። “በጉባኤ ፊት ቆሜ፣ ተፈወስኩ ብዬ፣ ሰው ሁሉ ሃሌ ሉያ ብሎልኛል። አሁን ተደብቄ ኪኒን ልዋጥ? ጌታን ውሸታም ላድርገው?”

ለካ ነገሩ እዚህ ጋ ነው የታሰረው! በጉባኤ የታሰረ የሚፈታው በጉባኤ ነው።

እሁድ እኔም የምስክርነት ጊዜ ጠየቅኩ። ማይኩን በደስታ ሰጡኝ። አባቴ ከሽማግሌዎቹ ጋር ፊት ለፊት ተቀምጦ ፈገግ ብሏል።

“ቅጠሉን ያጠናሁት እኔ ነኝ” አልኩ።

“አሜን!”

“የሞከርኩት ቱቦ ውስጥ ነው።”

“ሃሌ ሉያ!”

ወይ ጣጣ! “ስሙኝ እንጂ! ግራዋ አባቴን አልፈወሰውም። ስኳሩ ጨምሯል፣ እግሩ ቆስሏል። ኪኒናችሁን የተዋችሁ፣ ስለ ጌታ ብላችሁ ዛሬውኑ ጀምሩ።”

ከኋላ አንድ ሰው በልማድ “አሜን” አለና ደንግጦ አፉን ያዘ። አባቴ ጉልበቱን ያያል። የጉባኤው መሪ ማይኩን ቀስ ብሎ ከእጄ ተቀብሎ፣ ጌታ በሐኪምም እንደሚሠራ ተናገረና መዝሙር አስጀመረ።

በባጃጅ ተመለስን። አባቴ በሩ ላይ “አዋረድሽኝ” አለኝ።

“አዎ፣ ላዋርድህ! እግርህ ይበልጥብኛል!” አልኩና እዚያው አጥሩ ስር ቆሜ አለቀስኩ። ያን ቀን ማታ ኪኒኑን ከእጄ ወስዶ ዋጠ። ሳያየኝ ዋጠ።

ግን ዘግይተናል። በዚያው ሳምንት አተኮሰው፣ ሆስፒታል አስገባነው፣ ጣቱ ተቆረጠ። ዶክተሩ ትንሽ ብትቆዩ ኖሮ እግሩ ነበር የሚቆረጠው አለኝ። እፎይ ልበል ወይስ ልበድ? እንዲያ ለምኜው፣ እንዲያ ጮኼበት! በቱቦ ኢንዛይም ያዘገየሁ ሴት፣ የገዛ አባቴን ማሳመን አቅቶኝ ጣቱን አስበላሁ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ከሐይቁ ዳር፣ ከአሞራ ገደል ዓሣ ገበያ፣ የዓሣ ሾርባ ይዤለት ወደ ክፍሉ ስገባ፣ የእሱ ድምፅ ከሁሉም በላይ ይሰማል። አጠገቡ የተኙት አዛውንት የእሱው በሽታ ያለባቸው፣ ኪኒን አልውጥም እያሉ ነርሶቹን ያስመረሩ ሰው ናቸው። አባቴ የራሱን ኪኒን መዳፉ ላይ አድርጎ ያሳያቸዋል።

“ይቺን ኪኒን ያገኘችው ልጄ ናት” ይላል። “ዩኒቨርሲቲ ነው ያለችው። ግራዋውን አይታ አልበቃ ሲላት፣ ከዚያ የሚበልጠውን አገኘች። ይኸው፣ መጣች!”

አዛውንቱ አንገታቸውን ቀና አድርገው አዩኝ። “እውነት ነው ልጄ? አንቺ ነሽ የሠራሽው?”

ደሜ ወደ ራሴ ወጣ። እንደገና! ጉባኤ ፊት ቆሜ፣ አባቴን አዋርጄ፣ ጣቱ ተቆርጦ፣ እንደገና! አይደለም ልል አፌን ከፈትኩ። አባቴ ኪኒኑን መዳፉ ላይ እንደያዘ ዓይን ዓይኔን ያየኛል። አልዋጠውም፤ እኔን ይጠብቃል።

“አዎ አባባ፣ እኔ ነኝ የሠራሁት” አልኩ። “ሐኪም ያዘዘልዎትን አንድ ቀን እንዳያጓድሉ።”

አባቴ ዋጠ። አዛውንቱም እጃቸውን ወደ ውሃው ዘረጉ።