ጋሽ ልክ እና ሰው የሚሰማው ፔዳል

ካዛንቺስ ውስጥ ነገሪ ብላችሁ ብትጠይቁ የሚያውቅላችሁ አታገኙም። «ጋሽ ልክ» በሉ፤ ጋዜጣ አዟሪው ሳይቀር ጣቱን ይቀስርላችኋል።

ስሙን ያወጡለት አብረውት የሚጫወቱት ናቸው። በወይዘሮ መብርሂት ሆቴል እሁድ እሁድ የምሳ እንግዶችን በሚያዝናናው ባንድ ውስጥ ዐሥራ ሰባት ዓመት ቤዝ ጊታር ተጫውቷል። ጨዋታ ሊጀመር ሲል ሁሉም ወደ እሱ ዞሮ «ልክ ስጠን» ይላል። እሱ ቀጭኗን ክር አንዴ ይነካል፤ ጊታሩም፣ ኪቦርዱም፣ ዘፋኙም በእሷ ይቃኛሉ። እሱ ራሱ ልኩን ከማን እንደሚወስድ የጠየቀው ሰው የለም። ከሰማይ ይመስለን ነበር። እኔማ አንድ ግቢ ተከራይተን ስለምንኖር ማስነጠሱ ሁሉ በቅኝት የሆነ ይመስለኝ ነበር።

በ2001 ዓ.ም. ሰምሃል መጣች። ከሙዚቃ ትምህርት ቤት ከወጣች ገና ዓመት ያልሞላት ሳክስፎን ተጫዋች ናት። በመጀመሪያው ልምምድ ሁለት ጊዜ ነፋችና አቆመች።

«ይቅርታ፣ የባንዱ ቅኝት ከፍ ብሏል።»

«ከምን?» አለ ጋሽ ነገሪ።

«ከልኩ ነዋ።»

ኪቦርድ የሚጫወተው ሱሩር ሳቁን ለመደበቅ ያልወደቀ ነገር ከመሬት ሊያነሳ ጎንበስ አለ።

«ልጄ፣ እዚህ ቤት ልኩ እኔ ነኝ።»

«እርስዎን መንካቴ አይደለም ጋሼ። ግን የእኔ ዕቃ የተሠራው በዓለም ልክ ነው። አፉን እስከ መጨረሻው ገፍቼ ቅኝቱን ከፍ ባደርገውም አይደርስባችሁም።»

«እንግዲያው ዓለም ትምጣና ትቃኝ!»

ሲከራከሩ የሰማችው ወይዘሮ መብርሂት ከሒሳብ መቀበያው ሆና ፈረደች። «መቃኛ ማሽን ይገዛ። ማሽኑ ልክ ነህ ያለው ሰው ከእንግዲህ ልክ ይስጥ። በቃ!» ዐሥራ ሰባት ዓመት የተጠራበት ስም በእግር በምትረገጥ አንዲት የመቃኛ ፔዳል ላይ ተንጠለጠለ። ደግሞ ወይዘሮ መብርሂት ለሽምግልናው ክብር ብላ ዕቃውን የሚመርጠው እሱ ራሱ ይሁን አለች። ተከሳሹን ዳኛ ምረጥ ብሎ እንደ መላክ ነው።

ቅዳሜ ጠዋት እኔን አስከተለኝ። «መመሪያው እንግሊዝኛ ነው የሚሆነው። አንተ ገጣሚ፣ ዩኒቨርሲቲህ ለአንድ ቀን እንኳ ይጥቀመን።» በመጀመሪያ ግን ሆቴሉ ጎራ ብሎ ቤዙን ይዞ ከባንኮኒው ጀርባ ገባ። ትንሽ ቆየና ፊቱ በርቶ ወጣ። «አሁን ውሃ ልክ ናት!»

ታክሲ ውስጥ ረዳቱ ረጅሙን ቦርሳ አይቶ፣ «ጋሼ፣ ጓደኛህም ይከፍላል» አለው። ጋሽ ነገሪ ቤዙን ጭኑ ላይ አስተኝቶ፣ «ገና ጡት አልጣለም» ሲለው እስከ ኡራኤል ታክሲው በሳቅ ሄደ። ከዚያ ሌላ ታክሲ ይዘን ኦሎምፒያ ወረድን።

የሙዚቃ ዕቃ የሚሸጠው ጃዋር ሦስት ፔዳሎች መስታወቱ ላይ ደረደረ። «ቤዝህን እዚህ ትሰካለህ። በእግርህ ስትረግጠው ድምፁ ይጠፋል፤ ማንም ሳይሰማህ ትቃኛለህ። መሐሉ አረንጓዴ ከበራ ልክ ነህ። ቀዩ በቀኝ ከበራ ከፍ ብለሃል፣ በግራ ከበራ ዝቅ ብለሃል። ይሄ የመጀመሪያው ብረት ነው፤ መኪና ቢወጣበት ግድ የለውም። የሁለተኛው መብራት ጠራራ ፀሐይ ላይ ይታያል። ሦስተኛው… እውነቱን ልንገርህ፣ ፕላስቲክ ነው። መደርደሪያ መሙያ ነው ያመጣሁት።»

ጋሽ ነገሪ ብረቱ ላይ ሰክቶ ቀጭኗን ክር ነካ። በቀኝ በኩል ቀይ። ሁለተኛው ላይም ቀይ። ፕላስቲኩም ፈዘዝ ብሎ ቀላ።

«ሦስት ምስክር፣ ጋሼ» አለ ጃዋር።

«የአንድ ፋብሪካ ልጆች ናቸው። የወንድማማች ምስክርነት አይያዝም።»

«ሦስቱም የተለያየ ፋብሪካ ነው እኮ!»

«እንግዲያው መንገድ ላይ ተነጋግረው ነው የመጡት።»

ይህን ብሎ ቤዙን ነቀለና ወደ ሱቁ ጥግ ሄደ። እዚያ የለስላሳ ፍሪጅ እምምም ይላል። ጆሮውን በሩ ላይ ለጥፎ ክሯን ነካት። የፍሪጁና የክሯ ድምፅ፣ ሁለት ጅረት ሲገናኙ እንደሚሆነው፣ አንድ ሆኑ። ጠጋ አልኩት።

«ጋሽ ነገሪ… ልኩን የምትወስደው ከፍሪጅ ነው?»

ዞር ዞር ብሎ አየ። «ቀስ በል! ከባንኮኒው ጀርባ ያለው የሆቴሉም፣ ይሄም፣ ቂርቆስ እህቴ ቤት ያለውም ድምፃቸው አንድ ነው። ናዝሬት ድረስ ሄጄ አረጋግጫለሁ። አንድ ፍሪጅ ይሳሳታል እንበል፤ አገር ሙሉ ፍሪጅ ይሳሳታል?»

«የፍሪጁ አይደለም ጋሼ፣ የኤሌክትሪኩ ድምፅ ነው» አለ ጃዋር። «ለቀጭኗ ክር በጣም ይቀርባል። ትንሽ ብቻ ከፍ ይላል።»

«መብራት በፈረቃ በሚጠፋበት ቀንስ?» አልኩ እኔ።

«ያን ቀን በቃሌ እወጣዋለሁ» አለና አንገቱን ደፋ። «ትንሽ» የምትለዋ ቃል ነበረች የጎዳችው።

እኔ የመመሪያውን ወረቀት አንሥቼ ጮክ ብዬ ማንበብ ጀመርኩ። 440 የሚለው ቁጥር ዓለም የተስማማበት ልክ ነው፤ በዚህች ቁልፍ ግን ልኩን ራሱን ከፍ ወይም ዝቅ ማድረግ ይቻላል…

«እስከ ስንት?» አለ ቀና ብሎ።

ሁለቱ እስከ 445 ድረስ ብቻ ይሄዳሉ። ፕላስቲኩ ግን 450 ይደርሳል። ጋሽ ነገሪ ቤዙን መልሶ ሰካና ቁልፏን እየተጫነ ዘጠኝ ጊዜ ክሯን ነካ። 449 ላይ አረንጓዴው ቦግ አለ። ገበያ ውስጥ የሚዛን ድንጋይ ሲለወጥ በዓይኔ ያየሁ መሰለኝ።

«ይሄኛው ሰው ይሰማል» አለ ጋሽ ነገሪ።

«ፕላስቲክ ነው እኮ ጋሼ!»

«ልቡ ደህና ነው።»

ያን ዕለት ከቀኑ አሥር ሰዓት ሁሉም ተሰብስቦ ችሎት ተቀመጠ። ጋሽ ነገሪ የፔዳሉን ቁጥር የምታሳየውን ጠርዝ «እንዳይቧጨር» ብሎ በጥቁር ፕላስተር ሸፍኖታል። ሰክቶ ነካ፤ አረንጓዴ። ለሰምሃል በማይክ ተሰካላትና ነፋች፤ በግራ በኩል ቀይ። ሱሩር አጨበጨበ። ወይዘሮ መብርሂት «እሺ፣ አለቀ» ብላ ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

ሰምሃል ግን ቁጢጥ ብላ የፕላስተሩን ጫፍ በጥፍሯ ገለጥ አደረገች። ቁጥሩን አየች። ቀጥሎ እሱን አየችው። መመሪያውን ያነበብኩት እኔ የምገባበት ጠፍቶኝ የኮርኒሱን ጣውላ መቁጠር ያዝኩ። እሷ ፕላስተሩን ቁስል እንደሚሸፍን ሰው ቀስ ብላ መልሳ ለጠፈችው።

«ማሽኑ ፈርዷል። ልክ እርስዎ ነዎት» አለች።

ብትጮህበት ይሻለው ነበር። ማታውን ግቢ ውስጥ ሲንጎራደድ አየሁት።

እሁድ ምሳ ላይ ሆቴሉ ሞልቷል። ሰምሃል የሳክስፎኑን አፍ ጥግ ድረስ ገፍታ ተጫወተች። ድምፁ ጠባብ ጫማ እንዳደረገ ሰው ተረከዙን እያነሣ ይራመዳል። እንግዶቹ ልብ አላሉም። የጋሽ ነገሪ ጆሮ ግን፣ ልኩን ከፍሪጅ ይበደር እንጂ፣ ጆሮ ነው። በሦስተኛው ዘፈን ዓይኑን ከልጅቷ ጉንጭ መንቀል አቃተው።

ዘፋኙ እንግዶቹን ሰላም ሲል ጋሽ ነገሪ ፔዳሉን ረገጠ። ቤዙ ዝም አለ። ጎንበስ ብሎ ፕላስተሩን ላጠና ቁልፏን ተጫነ። ቆጠርኩ፤ ዘጠኝ። አራቱን ክሮች አንድ በአንድ አወረዳቸው።

«አውርድ» አለ ወደ ሱሩር ሳይዞር።

«ምን ያህል?»

«ያኔ ከፍ ያስደረግኩህን ያህል።»

ሱሩር አፉን ከፍቶ ቀረ፤ ግን አወረደ። ጊታሪስቱም ተከተለ። ሰምሃል የሳክስፎኑን አፍ ቀስ ብላ ሳበች። ከዚያ ቤቱ ሁሉ እንዲሰማ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣

«ጋሽ ልክ፣ ልክ ይስጡን!» አለች።

ጋሽ ነገሪ እግሩ ሥር ያለውን ፔዳል ሰረቅ አድርጎ አየ። አረንጓዴ። ፔዳሉን ዳግም ረግጦ ድምፁን መለሰና ቀጭኗን ክር ነካት። ሳክስፎኑ ሲገባ እኔ ከጠረጴዛዬ ሳላስበው ተነሣሁ። አንድ ክፍል ሙሉ ሰው ዐሥራ ሰባት ዓመት ትከሻውን ሰቅሎ ኖሮ ድንገት የጣለው መሰለኝ።

ጨዋታው ሲያልቅ ወይዘሮ መብርሂት፣ «ዛሬ ምን ነካችሁ? ደስ ስትሉ!» አለች።

«ዕቃው አዲስ ስለሆነ ማሠልጠን ነበረብኝ» አለ ጋሽ ነገሪ።

ሰምሃል ሳቋን ለመዋጥ ፎጣ አፏ ላይ ያዘች። እሱ ከባንኮኒው ጀርባ ገባ፣ ጆሮውን ፍሪጁ ላይ ለጠፈ፣ ፊቱን አኮሳተረ።

«ወይዘሮ መብርሂት!»

«አቤት?»

«ይሄ ፍሪጅ ልክ አይደለም። ከፍ ብሏል። ባለሙያ ይየው።»